ሹራብ ለሁለት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ሊነጋጋ ሲል፤ የጤና ሩጫ ክበብ መነሻ ሜዳ ላይ ሰብሳቢዋ የውብዳር መዝገብ ይዛ፣ ጡረታ የወጣው አሰልጣኝ ሸዋቀና ደግሞ ልብስ በልብስ ላይ ደርቦ ቆመዋል።

የውብዳር፦ እንደዚህ ጥቅልል ጎመን መስለው አይሮጥም፣ ጋሼ። ያውልቁ ብያለሁ።

ሸዋቀና፦ ደንባችሁ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሦስት ልብስ ይላል እኮ! እዚያ ሲደረስ ነው የላይኛው ወልቆ አጥር ላይ የሚሰቀለው። ያውልሽ፣ ሯጩ ሁሉ ደርቧል።

የውብዳር፦ እሱ ለአባላት ነው። እርስዎ አባል ነዎት?

ሸዋቀና፦ መዝግቢኝና ልሁና!

የውብዳር፦ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያሯሩጡ ኖረው፣ ዛሬ እንደ ጀማሪ ክበብ ፍለጋ? ብቻዎን አይሮጡም?

ሸዋቀና፦ ሐኪሙ ለልብህ ቀስ እያልክ ሩጥ፣ ብቻህን ግን እንዳትሞክራት አለኝ። ባለፈው ወር አልሰማ ብዬ ወጥቼ መንገድ ላይ ወደቅሁ። ወተት የሚያመላልሱት ባይደርሱልኝ አፈር ሆኜ ነበር። ሌላ ክበብ ደግሞ በከተማው የለም፣ ልጄ።

የውብዳር፦ ያሳዝናል። ካፖርቱን።

ሸዋቀና፦ ይኸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የውብዳር፦ ሹራቡንም።

ሸዋቀና፦ ኧረ ውርጩን እዪው! ሣሩ ነጭ ሆኗል!

የውብዳር፦ «ብርድ የሚያውቀው ሰነፍን ነው።» ማን ነበር እንዲህ የሚለው?

ሸዋቀና፦ እኔ... እኔ ጋ ሠልጥነሻል እንዴ?

የውብዳር፦ ሁለት ዓመት። ሹራቡን አልኩ።

ሸዋቀና፦ ያን ጊዜ ደርቦ የሮጠ ሰውነቱ ይሰንፋል ተብለን ነው የተማርነው። ተሳስተናል፣ አልክድም። ግን ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

የውብዳር፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከገጠር የመጣን ሁለት ልጆች ነበርን። ያለችን አንዲት ሹራብ፤ አንድ ቀን ጓደኛዬ ትለብሳለች፣ አንድ ቀን እኔ።

ሸዋቀና፦ ቆይ... ቡናማ? ክርኗ ላይ የተጣፈች?

የውብዳር፦ ሹራቧንማ አስታወሷት! ያቺኑ ሹራብ ቀምተው ቢሮዎ ቆለፉባት። ታኅሣሥን በካናቴራ ሮጥን። ሁለታችንም ሳንባችንን ታመምን። ከዚያ «በሽተኛ አላሠለጥንም» ብለው አባረሩን።

ሸዋቀና፦ አንዷ አገሯ ገባች ሲባል ሰምቻለሁ። ድና አግብታ ይሆናል እያልኩ... ይቅር በይኝ። ይኸው ሹራቡ። ይኸው በካናቴራ ቀረሁልሽ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይሰማሽም?

የውብዳር፦ ይሰማኛል። የኛም እንደዚሁ ነበር።

ሸዋቀና፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ልንበርከክልሽ?

የውብዳር፦ ተዉት፣ ጉልበትዎ ለዳገቱ ይትረፍ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ስሜን ይንገሩኝና ስምዎን እጽፋለሁ።

ሸዋቀና፦ ስምሽን?

የውብዳር፦ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሲጠሩት የነበረውን። እምዬን፣ ያቺን ሹራብ ካወቁ ስሜማ አይጠፋዎትም!

ሸዋቀና፦ ሃያ ዓመት አለፈው እኮ... ምላሴ ላይ ነው... ሰዎቹ ሊነሡ ነው፣ ልጄ፣ አታስቀሪኝ!

የውብዳር፦ እኔ ሳላዝ አይነሡም። ይረጋጉና ያስቡ።

ሸዋቀና፦ አገኘሁት! አገኘሁት! ዘነበች! ዘነበች አይደለሽ?

የውብዳር፦ ዘነበችን በዚያው ዓመት፣ ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ቀበርናት። ይልበሱና ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ ጋሼ፤ ይበርዳል።