ራጅ የማያሳየው ጭን

በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ የሚሸጥበት መደብር ውስጥ ተራ ስጠብቅ ዶክተር ኦሪን ሊንድጋርድን ከዘራቸውን ተደግፈው አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጉልበት ሲቀይሩ የኖሩ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ እኔም እሳቸው የቀየሩለትን ሁሉ መራመድ ሳለማምድ ፀጉሬ ሸበተ። አጠገባቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ኮሌት ቦድሪ ቆማለች። ማክሰኞ የሽማግሌውን ግራ ጉልበት የምትቀይረው እሷ ናት፤ እዚያው ዓሣው ፊት ክርክር ገጥመዋል።

«ያለ ማሰሪያ አትነኪኝም!» ይላሉ። «ጭኔን በአየር በሚነፋው ማሰሪያ ጥብቅ አድርጊና ደሙን አቁሚ። በደም ጎርፍ ውስጥ ምኑን ታይዋለሽ? ሰው ሠራሹን ጉልበት የሚያጣብቀው ሲሚንቶስ አጥንቱን ይይዛል?»

«ዶክተር፣ ደሙን የሚቀንስ መድኃኒት አለን። ሲሚንቶው ሲገባ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ አስራለሁ። እርስዎ ግን ቢላው ከገባ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ስፌት ነበር የሚያስሩት። ያን ያህል ደም የተከለከለ ጡንቻ ምን ይሆናል?»

«ይተኛል፣ ይነቃል! ስንቱን በራጅ አይቼ አሰናብቻለሁ፤ አንድም የተጣመመ የለም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። የሙያችን ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው፦ ሐኪሙ በስድስተኛው ሳምንት ራጁን አይቶ ይደሰታል፤ ራጅ ደግሞ የሚያሳየው አጥንቱን ነው። የሟሸሸውን ጭን የማየው እኔ ነኝ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር» አልኳቸው። «ቀኝ ጉልበትዎ በእርስዎ ትእዛዝ ታስሮ የተቀየረ ጊዜ፣ እግርዎን ከአልጋ ማንሳት ያቃተዎት ስንት ሳምንት ነበር?»

ፊታቸው ቀላ። «አራት። ከመጸዳጃ ቤት የምታነሳኝ ቨርና ነበረች።»

ቨርና ባለቤታቸው ናቸው። አምና ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው ስለሰነፈ፣ ዛሬ ከአልጋ የሚያነሷቸው ዶክተሩ ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለቱንም ልታግዝ የምትመጣው የዶክተሩ እህት የምትቆየው ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

«አራት ሳምንት ከተኛሁ ቨርናን ወደ አረጋውያን ማቆያ ይወስዱብኛል» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አልዋሽዎትም» አለች ኮሌት። «ከጥቂት ወራት በኋላ ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከታሰረ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምና ድካም ሊቀልልዎ ይችላል። ለእርስዎ ደግሞ የሚያስፈልጉት እነዚያ ሳምንታት ናቸው።»

ወደኔ ዞሩ። «አንተስ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ፈራሁዎት።»

ወደ ኮሌት ዞረው፣ «በይ፣ ሲሚንቶው ሲገባ ብቻ እሰሪ» አሏት። ኮሌት በደስታ እጃቸውን ጨበጠች፤ ከእኔም ልብ ሸክም ወረደ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን እግራቸውን ቀጥ አድርገው አነሱ። ወዳጆቼ፣ ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፦ የለመድነው ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ሥራውን የሠራ ሰውም ውጤቱን በቅርብ የሚያየውን ባልደረባውን ይጠይቅ። ጡንቻው ቶሎ የበረታ ሰው ቶሎ ቤቱ ይገባል፣ የሰው እጅም አያይም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ዶክተሩ አልጋው አጠገብ ቆመው ሁለት እጃቸውን ለባለቤታቸው ዘርግተዋል።

«አልወድቅም?» አሉ ቨርና።

«እኔ እያለሁልሽ?»

ሁለቱም ቆሙ።