የራሴን ክስ ሳስተረጉም

በጃንሆይ ጊዜ አስመራ ውስጥ ኮሌጅ ስማር፣ ተማሪ ያለ ፈቃድ ስብሰባ ላይ መናገር ክልክል ነበር። አንድ ጓደኛችን በትግርኛ ግጥም አነበበ ተብሎ ሲባረር ግን ዝም ማለት አቃተኝና ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ «መጀመሪያ እሱም ይሰማ እንጂ!» አልኩ። በማግስቱ ዲኑ ጠሩኝና፣ «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። አባቴ አናጢ ነው፤ ጠዋት ማታ «አፍሽን ጠብቂ» የሚለኝ እሱ ስለሆነ፣ ከዲኑ ይልቅ የፈራሁት እሱን ነበር።

አባቴ አማርኛ አይሰማም፣ ዲኑ ትግርኛ አያውቁም፤ የራሴን ክስ የማስተረጉመው እኔው ሆንኩ። «ይቅርታ ጠይቂ በላት ይላሉ» አልኩት። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ንገሪያቸው» አለኝ በትግርኛ፣ «ለጓደኛዋ የምትቆም ልጅ ነው ያሳደግሁት። ይቅርታ ጠይቂ አልላትም። ከቀጣችኋት እኔንም አብራችሁ ቅጡኝ።» ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል እንባዬ ቀደመኝ። ዲኑ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ፤ ከዚያ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ጓደኛችን አልተመለሰም፤ እኔ ግን ለአንድ ወር ታግጄ ተረፍኩ። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ አባቴ፣ «ያልኩትን ሁሉ ነገርሻቸው?» አለኝ።

«እወ አቦይ፣ ሁሉንም።»

እጄን ያዘኝ። «የቐንየለይ ጓለይ» ብሎ አመሰገነኝ፤ «ለመናገር የፈራሁት ቃል ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር።»