ሎሚው ያልወደደው ውሃ

ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ያን ክርክር አልሰማም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንገት ወረደብኝና ከጎረቤቴ ችግኝ ማፍያ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። ጎረቤቴን ሰፈሩ «ጋሽ ለምለም» ይላቸዋል፤ የተከሉት ሁሉ ይጸድቅላቸዋልና። ያን ቀን ግን ቢጫ የሆኑ የሎሚ ችግኞቻቸውን ሊጥሉ ጋሪ ላይ ሲጭኑ አገኘኋቸው። ስለ አፈር ተምራ በቅርቡ የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ጋሪውን ይዛ ትለምናቸዋለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይጣሏቸው። የጎዳቸው ውሃው ነው።»

«የቱ ውሃ? ዘንድሮ ያስቆፈርኩት ጉድጓድ? መስታወት የመሰለ ውሃ! እኛ እየጠጣነው ሎሚ ሊጠየፈው ነው? መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን!»

እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ለእሳቸው ፈርጄ ነበር።

«ለእኛ ጥሩ ነው፤ ለሎሚ ግን አይስማማውም» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ከድንጋዩ ኖራ ይዞ ይወጣል። ሻይ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም ሥሩ ብረት መሳብ ያቅተዋል። አዲሱን ቅጠል ይዩት፤ ጅማቱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቢጫ።»

«እርጅና ነው፣ ልጄ። እጄ ከዳኝ።»

ድምፃቸው ሲሰበር፣ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሥራ ሊተዉ እንደሆነ ገባኝ።

«አምና በወንዝ ውሃ ሲያጠጡ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?» አለች ልጅቷ።

«አያውቅም» አሉ ጋሽ ለምለም ችግኞቹን እያዩ። ልጅቷ ከቦርሳዋ መለኪያ ወረቀት አውጥታ አንዱን በጉድጓዱ ውሃ ነከረችው፤ ሰማያዊ ሆነ። ሌላውን ከቆርቆሮው በሚንጠባጠበው ዝናብ አራሰችው፤ ቢጫ ሆነ።

«የውሃው ኮምጣጣነት የሚለካበት ቁጥር ፒኤች ይባላል። ሰባት መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ይኮመጥጣል። ጉድጓዱ ከስምንት አልፏል፤ ዝናቡ ስድስት ገደማ ነው። ሎሚ ኮምጠጥ ያለውን ይወዳል።»

«አሁን ወረቀት ሊያስተምረኝ ነው?»

«ወረቀቱን አይመኑት፣ ጋሼ። ግማሾቹን በዝናብ፣ ግማሾቹን በጉድጓድ ውሃ ያጠጡና ሎሚዎቹን ይጠይቋቸው።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና ችግኞቹን አንድ በአንድ ከጋሪው ያወርዱ ጀመር። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ በኮራበት ነገር ሲሞገት እንዲህ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው።

ከሳምንታት በኋላ፣ የዝናቡ ወቅት ሊያበቃ ሲል ወደ ችግኝ ማፍያው ተመለስኩ። የጉድጓድ ውሃ የጠጡት እንደገረጡ ናቸው፤ የዝናብ ውሃ የጠጡት አናታቸው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል አውጥተዋል። ከጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ ተዘርግቶ በርሜል ውስጥ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን እስኪያጥብ ውጭ ይፈስሳል። የጉድጓዱ ውሃ ለመጠጥና ለጎመን ሆኗል፤ ጎመን አይጠላውም። በርሜሉ ሲደርቅ ልጅቷ ለሎሚዎቹ የጉድጓዱን ውሃ ጠብታ ኮምጣጤ እየጨመረች፣ እየለካች ታስተካክለዋለች። ለካ ውሃም እንደ ዘር ይመረጣል!

እንደቆምኩ አንዲት ሴት መጣችና «ጋሼ፣ ሎሚዬ ቢጫ ሆነብኝ፤ ነቅዬ ሌላ ልትከል?» አለቻቸው።

ጋሽ ለምለም የእህታቸውን ልጅ በኩራት አይተው፣ «እንዳትነቅዪ!» አሏት። «መጀመሪያ የምታጠጪውን ውሃ በብርጭቆ ይዘሽ ነይ። ሐኪሟ እዚህ አለችልሽ።»