በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቆየ ስለተባለው የሟች ደጉ አምፕሊፋየር የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ አብይ ደምሴ
ዕድሜ፦ 69
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አድራሻ፦ ደሴ ከተማ
ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ሙንዚር ዘይኑልአቢዲን የተጠረጠረበት እምነት የማጉደል ወንጀል

ሟች አቶ ደጉ ጊታር ተጫዋች ነበር። በመድረክ ይጠቀምበት የነበረውን አምፕሊፋየር በሚገባ አውቀዋለሁ። በውስጡ እንደ አምፖል በሚበሩ ቱቦዎች የሚሠራ፣ ዛሬ እንደ ልብ የማይገኝ ዕቃ ነው። የፊቱ ጨርቅ በተቀደደ ጊዜ ባለቤቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከራሷ ቀሚስ ጥለት ቆርጣ ስለሰፋችበት ከሌላ ጋር አይምታታም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አቶ ደጉ ዕቃውን ገራዶ ለሚኖሩት ወዳጁ ለሐጂ ዘይኑልአቢዲን በአማና፣ ማለትም በአደራ፣ ሰጥቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እዚያው አረፈ። ሐጂም ቤቱን ለልጃቸው ለሙንዚር አደራ ብለው ቦሩ ሜዳ ዘመድ ዘንድ ሰነበቱ። በዚሁ ጊዜ ቤቱ ተዘረፈ። ሙንዚር አማናው መወሰዱን ለአባቱ መንገር አቅቶት በቦታው የእንጨት ሣጥን አስቀምጦ በብርድ ልብስ ሸፈነው። ይህን የነገረኝ ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ ነው።

ባለፈው ወር የሟች ልጅ ወንጌላዊት ዕቃውን ልትወስድ እንደምትመጣ ለሙንዚር ደወለች። እርሱም ሲያፈላልግ ቆይቶ ኮምቦልቻ፣ ተውፊቅ ከሚባል ጎሚስታ ዘንድ ተመሳሳይ ዕቃ ስላየ እንድለይለት ይዞኝ ወረደ። ተውፊቅ ከማን እንደሆነ ሳያውቅ የገዛውን አምፕሊፋየር እንደ በርጩማ ተቀምጦበት ጎማ ይለጥፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጥለቱን አየሁ፤ ራሱ ነበር።

ተውፊቅም፣ "ወላሂ ጋሼ፣ ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ አስከትሎ የመጣ ሰው መቀመጫ ፈልጎ አይደለም" ብሎ ዋጋውን ሰቀለው። ሙንዚር አልተከራከረም፤ የሚተዳደርበትን ሞተር ብስክሌት ሰጥቶ ዕቃውን ተረከበ።

ሲጭነው ያየ ሰው ለወንጌላዊት "የአባትሽን ዕቃ እየሸጠው ነው" ብሎ ነገራት። እርሷም አመለከተች፤ ሙንዚርም ዕቃውን እንደያዘ ደሴ መግቢያ ላይ ተያዘ። በእርሷ አልፈርድም፤ ማንም የአባቱን ዕቃ የሚወድ ልጅ የሚያደርገው ነው። ጣቢያ ሄጄ ሙንዚርን ለምን እውነቱን እንደማይናገር ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ አባዬ አማና በሉ ከሚባል እኔ ልታሰር" አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ገራዶ ሄጄ ለሐጂ ነገሩን ገና ስጀምር ብርድ ልብሱን ራሳቸው ገለጡት። "ደጉ ያመጣው ዕለት ሁለት ሰው ነው ያወረደው። ይሄ ቤት ስጠርግ በእግሬ እልፍ ይላል። ልጄ እንዳይሸማቀቅብኝ ብዬ ነው እንጂ፣ ይኸው ስንት ዓመት ባዶ ሣጥን ስጠብቅ!" አሉኝ።

ሐጂ በአሁኑ ሰዓት የራሳቸውን ቃል ለመስጠት በዚህ ቢሮ በር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ሣጥኑን ለማስረጃ ይዘው መጥተዋል። ሣጥኑን ተቀብላቸው አጠገባቸው የተቀመጠችው ወንጌላዊት ናት።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ያየሁትና የሰማሁት ብቻ መሆኑን፣ ተነቦልኝም ያልጨመርኩበት ያልቀነስኩበት የራሴ ቃል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አብይ ደምሴ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን ከይሪያ ሰይድ