ዱባይና ዶሐ ያሉት ልጆቼ

በእኛ ጊዜ እህትማማች ቢጣላ በቀሚስ ነው፣ በመስታወት ነው። የእኔዎቹ በምን ተጣሉ መሰላችሁ? በዓረብ ፖለቲካ! አትሳቁ፣ ልንገራችሁ እንጂ። ታላቋ ታደለች ዱባይ፣ ታናሿ አበበች ዶሐ፣ ሁለቱም ሰው ቤት ይሠራሉ፤ እና ዶሐ ባለችባት በኳታር ላይ ጎረቤቶቿ፣ ዱባይም ጭምር፣ ተባብረው ሰማዩንም ምድሩንም ዘጉባት፤ ታዲያ የእኔዎቹም ተዘጋጉ!

አበበች ትደውልና፣ "አባዬ፣ የእሷ አገር ወተት ቢከለክለን ላሞቻችንን በአውሮፕላን አስመጣን!" ትለኛለች። ላሞቻችን! በአውሮፕላን! እኔ ከሆሳዕና እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ስመጣ ግማሹን በእግሬ ነው የመጣሁት። ታደለች ደግሞ፣ "ነገረኛዋ የእሷ አገር ናት!" ትላለች። "ኧረ እናንተ ልጆች፣ አገራችሁ ሆሳዕና ነው!" ብል ማን ሰምቶኝ። እናታቸው ስትሞት እንኳ አልተደዋወሉም። እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ታዲያ አምና፣ በእኛ ገና ሰሞን፣ ስፓዛዬ፣ ትንሿ ሱቄ ውስጥ ሆኜ በብረት ፍርግርጉ ዳቦ እየሸጥኩ ቴሌቪዥን ባይ፣ የዓረብ ነገሥታቱ ታረቁ! ኩዌት ሸምግላ። እኛ ኮሮና ፈርተን በክርን ሰላም ስንባባል እነሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥምጥም! ቪዲዮውን ለሁለቱም ላክሁና፣ "እነሱ ታርቀዋል፤ እናንተስ?" አልኩ።

አበበች፣ "እነሱ ይታረቁ። እኔ እናቴን ብቻዬን ነው ያለቀስኳት" አለች። ወደ ታደለች ደወልኩና፣ "ለምን አልደወልሽላትም?" ብላት፣ "አሠሪዬ ‘ኳታር የደወለ ይታሰራል’ አለችኝ፤ ፈራሁ፣ አባዬ። ፈራሁ ለማለት ደግሞ አፈርኩ" አለች። አያችሁልኝ? ይሄን ሁሉ ዓመት ፖለቲካ ያልነው ፍርሃት ኖሯል!

ይህንኑ ለአበበች ብነግራት፣ "ታዲያ ይሄን እሷ ለምን አትነግረኝም ነበር!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እና ቀኑን ሙሉ ወደ ሁለቱም ብደውል ተይዟል፣ ተይዟል። እኔም የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንዱ ደንበኛዬ አፍንጫዬን ስጠርግ አይቶ፣ "ባባ፣ ኮሮና ነው?" ብሎ ዳቦውን ጥሎ ሮጠ!

"አሁንስ ይስማማሉ?" አልነው፣ ዙሪያውን ተቀምጠን ስናዳምጠው የቆየነው።

"ጌታ ይመስገን! በአንድ ጊዜ ደውለው፣ ‘አባዬ፣ ማስክህን አፍንጫህ ላይ አድርግ!’ እያሉ ይጮኹብኛል። ነገሥታቱ በእርቁ ምን እንዳተረፉ እንጃ፤ እኔ ሁለት ተቆጪ አትርፌያለሁ!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።