ጥላ የማያርፍበት አበባ

እኛ በነበርንበት ዘመን አበባ አስተውሎ የሚያየው ንብ ብቻ ነበር። እና ጣሊያን ይጁቤ አጠገብ በሰፈረ ጊዜ አበባ የሚለቅም አንድ ጣሊያን ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ስሙኝማ! ጠመንጃ የለው፣ አጉሊ መነጽር ይዞ፣ አበባውን ወረቀት መካከል አስተኝቶ ድንጋይ የሚጭንበት! አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነበሩና ጭቃ ሹሙ እኔን «ምራው» አለኝ። ታዲያ መራሁት፤ ምን አደርጋለሁ?

እኔ «ይህ ለቁርጥማት ነው፣ ይህ ለሆድ ነው» እላለሁ፤ እሱ የአበባውን ቅጠል ይቆጥራል። «አምስት!» ይላል እየጮኸ። «ምን ያድናል?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ገረመኝና ተደብቄ ቆጠርሁ፤ እውነትም አምስት! ያን ሁሉ ዘመን ስረግጠው ቆጥሬው አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዞ ሐረግ የምንለው መድኃኒት ነጭ አብቦ ከዋሻ አፍ ላይ ተንዠርግጎ አየ። እና ሮጠ። እዚያ ዋሻ ውስጥ፣ እናንተዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ተኝቷል፤ አርበኛ ነው፣ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ሦስት ቀኑ።

«ቁም!» አልሁ። ምን ልበል? የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ፤ መድኃኒት ሲቆረጥ የቆራጩ ጥላ ካረፈበት ይረክሳል። ፀሐይዋ ደግሞ ከኋላችን ናት፤ ጥላችን ወደ ዋሻው ተጋድሟል። «ጥላህ ሊነካው ነው!»

አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ መተርጎሙን ትቶ ወደ ኋላ ዘለለና የጣሊያኑን ኮት ጨምድዶ ያዘ። «ጌታዬ ይቅርብን! እኔ የልጆች አባት ነኝ!»

ጣሊያኑ ተገርሞ፣ «ጥላ ቢነካው ምን ይሆናል?» ብሎ አስጠየቀኝ።

«ኃይሉ ይሄዳል» አልሁ ፊቴን እንደ ቄስ አክብጄ። «ነገ ጠዋት ፀሐይ ከፊታችን ስትሆን ነው የሚቆረጥ።»

እና ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ የገዛ ጥላውን በእርምጃ ለካ፤ ወይ ሰው! ደስ ብሎት ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

እኛም ሌሊቱን ወንድሜን በቃሬዛ ወደ ዲማ አሻገርነው። በማግሥቱ ጣሊያኑ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው፣ እያነባ፣ እየዳኸ ሐረጉ ዘንድ ደረሰ። «አራት!» አለ። እኔም ቆጠርሁ፤ አራት ነው። ወንድሜም ድኖ፣ ወልዶ ከብዶ ኖረ።

ይኸን ጊዜ ሽማግሌውን ከሚያዳምጡት ልጆች አንዷ፣ «አባባ፣ እውነት ግን ጥላ ሲያርፍበት ይረክሳል?» አለቻቸው።

«እንጃ ልጄ» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ፤ «እኔስ ያየሁት ሳያርፍበት ሲያድን ነው።»