ባንኮሌ እና ሌሎች

ዶክተር ሞሬኒኬ አላዴ ፕሮፌሰር ኦላጉንጁን ሁለት ሳምንት ሙሉ በቢሯቸው ስትፈልጋቸው ከርማ፣ ያገኘቻቸው ከአቤኦኩታ ከተማ መውጫ ከጎሚስታው ከላሚዲ ዳስ ሥር ነው። አሮጌው ፔጆ መኪናቸው በክሪክ ተነስቷል፤ እሳቸው ከአግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያራግባሉ። የእሷም መኪና የኋላ ጎማው እየተነፈሰ ስላስቸገራት ነበር ጎራ ማለቷ። ጸሐፊያቸው አንድ ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንድ ቀን «አሁን ወጡ» እያለች ስታመላልሳት ስለከረመች፣ ሞሬኒኬ ፕሮፌሰሩን በዓይኗ ስታይ ደሟ ፈላ። ቢሆንም እንደ አገሩ ደንብ በጉልበቷ ሸብረክ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

«እንደምን ዋሉ ፕሮፍ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አንቺንም ጎማ ጣለሽ?»

«ጎማውስ ይደርሳል። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው» አለችና ከቦርሳዋ አንድ እሽግ ወረቀት አወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞሬኒኬ በዩኒቨርሲቲው የምግብ ሳይንስ መምህርት ናት። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስት ጊዜ የወደቀ መምህር ውሉ አይታደስም። አሥራ ዘጠኝ ጥናቶች በመጽሔት አሳትማለች፤ ሌሎች አጥኚዎችም ከአራት መቶ ጊዜ በላይ ጠቅሰዋቸዋል። ኮሚቴው ግን ትልቁን ነጥብ የሚሰጠው ስሙ በመጀመሪያ ለሰፈረው ሰው ነው፤ በአሥራ ሰባቱ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ስም ደግሞ «ኦላጉንጁ» ይላል። በዚያ ክፍል አንድ የቆየ ልማድ አለ። ጥናት ያለቀ ዕለት ወጣቱ የሽማግሌውን ስም ከራሱ ስም ያስቀድምና ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ለምርቃት ይሄዳል። ሽማግሌው አነበቡት አላነበቡት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘንድሮ ኮሚቴው አዲስ ቅጽ አወጣ፤ በእያንዳንዱ ጥናት ማን ምን እንደሠራ ተጽፎ፣ ስማቸው ያለበት ሁሉ ይፈርሙበታል። የመጨረሻው ቀን ነገ ቀትር ላይ ነው።

«ይሄማ የክስ ወረቀት ነው!» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ቅጹን በሁለት ጣታቸው ይዘው። «‹ኦላጉንጁ ምን ሠሩ?› ተብሎ ሊጠየቅ! ልጅ አባቱን፣ በዚህ ወጥ ውስጥ እጅህ የታለ ይለዋል?»

«አባት ወጡን ካልሠራ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ አይፈርምም ፕሮፍ።»

«ምላስሽ ረዝሟል ሞሬኒኬ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? የእኔ ስም ፊት ባይኖር የትኛው መጽሔት ያነብልሽ ነበር?»

«ስምዎ የሌለባቸው ሁለት ጥናቶች አሉኝ፤ እነሱም ታትመዋል። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የተጠቀሱት እነሱ ናቸው።»

ፕሮፌሰሩ ጋዜጣቸውን አጠፉና እንደገና ዘረጉት።

«ተጠቀሰ፣ ተጠቀሰ! የዛሬ ልጆች ሌላ ቋንቋ የላችሁም። ለመሆኑ ይሄ ቆጠራ ምን ይፈይዳል?»

ሞሬኒኬ ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ዕድሜዋ፣ ያውም ከጎሚስታ ዳስ ሥር፣ የሙያዋን ሀሁ ለአስተማሪዋ ልታስረዳ ነው። ግን አስረዳች።

«እኔ ስጽፍ፣ የማንን ግኝት ይዤ እንደተነሳሁ እጠቅሳለሁ። ጥናትዎ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ሲቆጠር፣ ስንት አጥኚ እንደሠራበት ይታወቃል። አሥር ጥናት ኖሮዎት እያንዳንዱ ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ ከተጠቀሰ፣ መለኪያዎ አሥር ነው። ሁለት መቶ አሳትመው ማንም ካልጠቀሰዎት ግን ዜሮ ነው።»

«እኔ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጥናት አለኝ!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። «ማን ጠቀሰኝ እያልኩ ስሜን በስልክ የምፈልግ ጎረምሳ አይደለሁም። የካሳቫ ሥር ፍቃ የምታምስ ሴት ማንን ትጠቅሳለች? በእኔ ምክር ልጆቿ ከካሳቫው መርዝ ድነው ቢያድጉ፣ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ይገባል?»

ይህን ሲሉ ፕሮፌሰሩ እውነታቸውን ነበር፤ ሞሬኒኬም አልካደችም።

«ልክ ነዎት። ያቺን ሴት ቁጥሩ አያያትም። ቁጥር የሰውን ዕውቀት ሁሉ አይለካም። ግን ሚዛኑ ጎዶሎ ነው ብለን የአንዱን እህል በሌላው ጆንያ እንክተት? ያልሠሩት ላይ ስምዎን ማስፈር እኮ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ዕዳም ያመጣል። አንድ ወጣት ባልደረባችን ስምዎን አስቀድሞ፣ ቁጥሮቹን ከልቡ ፈጥሮ የጻፈው ጥናት አምና ሲሰረዝ፣ መጽሔቱ ማብራሪያ የጠየቀው ማንን ነበር?»

«እኔን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ርእሱን ራሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

ይሄኔ ላሚዲ ከፕሮፌሰሩ ጎማ ውስጥ ያወጣውን ካላማዳሪ በውሃ ሳፋ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልግ ነበር። አገኘውና ቀና አለ።

«ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ይሄን ቀዳዳ በፊት የለጠፈው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሆነ መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ነው።»

«ስሙን ቢነግሩኝ ሰው ወደሱ እንዳይሄድ እናገር ነበር። ሳያጸዳ ነው የለጠፈው። ይሄኛውን ልጣፍ ይዩት ደግሞ፤ እንዴት ያምራል! የዚህን ሰው ስም ባውቅ ዛሬውኑ እቀጥረው ነበር። ስም ከሌለ፣ አጥፊውም ጎበዙም አንድ ላይ ጠፉ ማለት ነው።»

«አንተ ጎማህን ለጥፍ!» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«እየለጠፍኩ ነው ጌታዬ።»

የሞሬኒኬ ትዕግሥት እዚህ ላይ ተሟጠጠ። ስልኳን አወጣችና «ቁጥር ንቄያለሁ ካሉ፣ የራስዎን አይተው ይናቁት» ብላ የኦላጉንጁን ስም ጻፈች። ኔትወርኩ እየተጎተተ የጥናቶቹን ዝርዝር ደረደረ። ልታሳያቸው ያሰበችው የእሷ ጥናቶች የእሳቸውን ቁጥር እንዴት እንዳሳበጡት ነበር። ግን ከሁሉ በላይ የቆመው ሌላ ሆነ።

«በሰማንያ ዘጠኝ ያሳተሙት! የካሳቫው መርዝ በስንት ቀን እንደሚለቅ ያጠኑት... ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል ፕሮፍ!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። «ስንት አልሽ? እሱን ማንም ያነበበው አልመሰለኝም። ሁለት ክረምት መንደር ውስጥ ነበርኩ። ከሴቶቹ ጋር እየፈቅሁ፣ ውሃው እንዲወጣ ጆንያው ላይ ድንጋይ እየጫንኩ፣ በየማለዳው እየለካሁ። ወባ ሊገድለኝ ነበር። እስቲ ምን እንዳሉኝ አሳዪኝ።»

ከጠቀሱት አንዱን ከፈተች፤ የብራዚል ሰዎች የጻፉት ነው። ሁለተኛው የሞዛምቢክ፣ ሦስተኛው የኢንዶኔዥያ ነበር። ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን በስልኩ ላይ እያስኬዱ ስማቸውን ፈለጉ። ሁሉም ቦታ የተጻፈው አንድ ነው፤ «ባንኮሌ እና ሌሎች እንዳረጋገጡት»።

ባንኮሌ የኦላጉንጁ አስተማሪ ነበሩ፤ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። እንደ ልማዱ ስማቸው ፊት ሰፍሯል። የጥናት ጸሐፊ ደግሞ ስም ሲበዛበት የፊተኛውን ይጽፍና የቀሩትን «እና ሌሎች» ብሎ ያልፋቸዋል።

«ባንኮሌ...» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ባንኮሌ እኮ መንደሩን አልረገጡም። ያን ጊዜ ውጭ አገር ነበሩ። እኔው ራሴ ነኝ ስማቸውን ያስቀደምኩት፤ እሳቸው አድርግ አላሉኝም።»

ሞሬኒኬ ልትራራላቸው ፈለገች፤ ንዴቷ ግን ቀደማት።

«እርስዎስ የእኔን ላቦራቶሪ መቼ ረገጡ?»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቅርበው እንደገና አነበቡት። ላሚዲ እንኳ መዶሻውን አስቀምጦ ጠበቀ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ዓለም ሲጠቀምበት የኖረ ሥራቸው ውስጥ «ሌሎች» ሆነው መኖራቸውን ያወቁት ያን ሰዓት ነው። ይህቺን ልጅም አሥራ ሰባት ጊዜ «ሌሎች» እንዳደረጓት አብረው አወቁ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለማንም ግን አላሳዩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸማቸው ጠረጉ።

«እስክሪብቶ አምጪ» አሉ በቁጣ።

ቅጾቹን በፔጆው ኮፈን ላይ ዘረጓቸው። «ይሄን አንብቤዋለሁ? አላነበብኩም። ‹ድርሻ የለኝም› ብለሽ ጻፊ። ይሄንንም። ይሄን ደግሞ የምርቃቱ ቀን ነው ያየሁት፤ ለዚያውም ርእሱን።» በአሥራ ሦስቱ ላይ እንዲህ እያሉ ፈረሙ። የቀሩትን አራቱን ስታቀርብላቸው ግን እጃቸውን አነሱ። «ቆይ! የእነዚህን የአራቱን ሙከራ የነደፍኩት እኔ ነኝ። አልለቅም!»

«አይልቀቁ፤ የእርስዎ ናቸው። እኔ የምለውም ይሄንኑ ነው።»

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አለ ላሚዲ ጎማውን እያሰረ።

ሞሬኒኬ ቅጹን በማግስቱ ከቀትር በፊት አስገባች፤ እድገቷንም አገኘች። ፕሮፌሰሩ ግን በዚያ አላበቁም። የክፍሉን ስብሰባ ጠርተው፣ ከእንግዲህ የማንኛውም ጥናት ስም የሚሰፍረው እንደ ድርሻው እንዲሆን፣ ድርሻውም ከጥናቱ ግርጌ እንዲጻፍ አስወሰኑ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። «ክብራችን የት ሊገባ ነው?» ያሉም ነበሩ። ኦላጉንጁ የራሳቸውን ዝርዝር አነበቡላቸው፤ ያልሠሩትን ሁሉ አውጥተውት ከሁለት መቶ አሥራ አንዱ አርባ ስድስት ብቻ ቀርቶ ነበር። በቅርቡ ጡረታ ሲወጡ በመሸኛ ካርዳቸው ላይ ሊታተም የነበረው ትልቁ ቁጥር በዚህ ቀረ። «አርባ ስድስቱን በሙሉ ጠይቁኝ፤ እመልሳለሁ» አሉ።

ዛሬ በዚያ ክፍል ወጣቱ ሥራውን በስሙ ያወጣል፤ የሚጠቅሰውም ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ስህተት ሲገኝ ባለቤቱ ይታወቃል። ሽማግሌም ለምርቃት የመጣለትን ወረቀት ድርሻ ሊኖረው ሲል ያነባል፤ አንብቦም ያርማል፤ ይህ ደግሞ ስሙን ከማስቀደም የበለጠ ወጣቱን ጠቅሞታል።

የሰማንያ ዘጠኙ ጥናት ግን የሚታረም አልሆነም። ባንኮሌ ሞተዋል፤ የሞተ አይፈርምም። ስለዚህ ሞሬኒኬ ቀጣዩን ጥናቷን ስትጽፍ ረቂቁን ለፕሮፌሰሩ ወስዳ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ስማቸው ከፊትም ከኋላም የለም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ካሳቫ በስንት ቀን መርዙ እንደሚለቀው፣ ሁለት ክረምት መንደር ውስጥ ተቀምጦ በየማለዳው የለካው ኦላጉንጁ ነው፤ ጥናቱ ባንኮሌ እና ሌሎች በሚል ታትሟል።»

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል» አሉ ፊታቸውን አኮሳትረው።

«ላሳጥረው ፕሮፍ?»

«እንዳትነኪው!»